አገጭ ላይ ያልደረሰችው ጣት፦ ሞሽን ካፕቸር ለምልክት ቋንቋ ቲያትር ይሆናል ወይ?

የጃንሜዳዋ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴም እናቴም መስማት የተሳናቸው ናቸው። አፌን የፈታሁት በምልክት ነው፤ አማርኛ ከአያቴ ጋር በኋላ መጣ። አሁን ከአምስት ተዋንያን ጋር አንድ ተውኔት እያዘጋጀሁ ነው፣ አራቱ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ታሪኩ ባጭሩ፦ አንዲት ልጅ የሟች እናቷን ቤት ልትሸጥ ትመጣለች፣ እናትየዋ ደግሞ በየክፍሉ ትጠብቃታለች። እናትየዋ ከመድረኩ ጀርባ በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ከሰው ሦስት እጥፍ ገዝፋ እንድትታይ ፈለግሁ። አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን አልፈልግም። ልጅቷ አንድ ምሽት ብትቸኩል እናትየዋ አብራት እንድትቸኩል፣ ብታለቅስ ዝም ብላ እንድትጠብቃት። ስለዚህ እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይት ከመድረኩ ጎን ቆማ ትናገራለች፣ ማሽኑ እንቅስቃሴዋን እዚያው በዚያው ወስዶ ጨርቁ ላይ ላለው ምስል ይሰጣል። ሞሽን ካፕቸር የሚባለው ይህ ነው።

አኒሜሽን የሚሠራ አንድ ልጅ ሴንሰር የተሰካበት ልብስና ጓንት ለሁለት ቀን አዋሰን። የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ብቻ ነበር። ተዋናይቷ ክንዷን ስታነሳ ጨርቁ ላይ ያለችውም አነሳች፤ ሁሉም ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አራገበ፣ የእኛ ጭብጨባ ነው። ከዚያ ንግግር ጀመረች። ሌባ ጣት አገጭ ላይ የሚያርፍበት አንድ ቃል አለ። እሷ አገጯን ነካች። የጨርቁ ሴትዮ ጣት ግን ለአገጯ ሦስት ጣት ያህል ሲቀረው አየር ላይ ቆመ። ደገመችው፣ አሁንም አየር ላይ። ሦስተኛ ጊዜ ጫን አድርጋ ስትነካው ጣቱ አገጩን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ዞር ብላ አየችኝና «ይህቺ ሴትዮ ትኮላተፋለች» አለችኝ። አልሳቀችም። «እናት አድርገሽ ያመጣሽው ኮልታፋ ነው?»

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። ልብሱን መልሻለሁ። ሙያው ያላችሁ ንገሩኝ፦ ይህ ነገር ይስተካከላል? ወይስ ከመነሻው የማይሆን ነገር ነው የያዝኩት?


ሽቦና ስክሪን

እህቴ፣ የገጠመሽ ነገር በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁሉ የምናውቀው ነው። አንቺ ጋ የከፋው በምልክት ቋንቋ ሦስት ጣት ያህል ርቀት ማለት ሌላ ቃል ማለት ስለሆነ ነው። ዳንስ ቢሆን ማንም አያይልሽም ነበር።

የተዋሳችሁት ልብስ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች እጅ የት እንዳለ አያውቁም። የሚያውቁት እያንዳንዱ አጥንት ወዴት እንደዞረና ምን ያህል እንደተዘነበለ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከወገብ ይነሳና ትከሻን፣ ክርንን፣ አንጓን፣ ጣትን እየደመረ ይሄዳል። በየመገጣጠሚያው ያለችው ትንሽ ስሕተት ጣት ጫፍ ስትደርስ ተጠራቅማ ትጠብቅሻለች። ሴንሰሮቹ አቅጣጫ ለመያዝ የመሬትን ማግኔት ስለሚጠቀሙም ወለሉ ሥር ብረት ካለ ወይም ትልቅ ስፒከር አጠገብ ከቆመች ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ይጣመማል።

ሌላው ዓይነት ዙሪያውን ኢንፍራሬድ ካሜራ ተክሎ፣ ሰውነት ላይ የተለጠፉ ትናንሽ አንጸባራቂ ኳሶችን የሚከታተል ነው። እሱ ቦታን በሚሊሜትር ያውቃል። ግን እያንዳንዱ ኳስ ቢያንስ ለሁለት ካሜራ መታየት አለበት። ምልክት ቋንቋ ደግሞ ጣት ጣትን የሚሸፍንበት፣ መዳፍ መዳፍ ላይ የሚያርፍበት ቋንቋ ነው። የተሸፈነው ኳስ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲታይ ኮምፒውተሩ የቀለበት ጣትን የመሃል ጣት ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ለፊልም ሲሆን ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቀናት ወስዶ ያጸዳዋል። በቀጥታ መድረክ ላይ ያንን የሚያጸዳልሽ የለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጨርቁ ላይ ያለችው ሴት ቁመናዋ የማን ነው? ጭንቅላቷ ትልቅ ነው?


የጃንሜዳዋ

ትልቅ ነው። የተረት አሮጊት እንድትመስል ብዬ። ክንዷም አጠር ያለ ነው።


ሽቦና ስክሪን

እንግዲያው ግማሹ ጥፋት እዚያ ነው። የተዋናይቷ ክንድ የሚያውቀው የራሷን አገጭ ነው። ያንኑ እንቅስቃሴ ትልቅ ጭንቅላትና አጭር ክንድ ላለው ሌላ አካል ስትሰጪው እጁ ወይ አይደርስም ወይ ፊት ውስጥ ይገባል። ምስሉን በተዋናይቷ ልክ ብታሠሪው ብዙ ይሻሻላል። «ሙሉ በሙሉ ይስተካከላል» ብዬ ግን አልዋሽሽም።


ባለ ሁለት እጅ

መስማት የተሳነኝ ተዋናይ ነኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ እናገራለሁ።

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ጣት ነው። ፊትስ? ቅንድቤ ከፍ ካለ «መጣህ?» ብዬ ጠይቄሃለሁ፤ ከፍ ካላለ «መጣህ» ብዬ ነግሬሃለሁ። እጄ በሁለቱም ላይ ያው ነው። ታሪክ ስናገር ዓይኔ ወደ ግራ ካየ ተናጋሪው አባት ነው፣ ወደ ቀኝ ካየ ልጅ ነው። ልብሱና ጓንቱ ከዚህ አንዱንም አያዩም።

ፊትን ለመቅረጽ የሚታሰር ቆብ አለ። ከፊቱ አጭር ብረት ይወጣል፣ ብረቱ ጫፍ ላይ ካሜራ አለ። አንድ ጊዜ ታስሮልኛል። ካሜራው የሚቀመጠው አፌ ፊት ለፊት፣ እኔ የምናገርበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አራት ጊዜ በአንጓዬ መታሁት። ቀራጮቹ «እጅህን ትንሽ ራቅ አድርገህ ተናገር» አሉኝ። ይህ የሚሰማን ሰው ጥርስህን ነክሰህ ተናገር እንደማለት ነው። የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቀረጹኝ፣ የትራንስፖርት ሰጡኝ፣ ሄዱ። ምን እንደሠሩበት እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄ የሆነ ስክሪን ላይ እኔ ያልተናገርኩትን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገር አሁንም ያናድደኛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምልክትን ወደ ድምፅ ይቀይራል የተባለ ጓንት ሠርተው 10,000 ዶላር ተሸለሙ። ወሬው ዓለምን ዞረ። መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የቋንቋ ምሁራን «ጓንት ፊትን አያይም፣ ሰዋስዋችን ደግሞ ፊታችን ላይም ነው» ብለው ተከራከሩ። እኛ ዘንድ ያልተጠየቀ ሰው መፍትሔ ይዞ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም።

አንቺ ግን ከእኛው ቤት የወጣሽ ልጅ ነሽ። ተዋናይቷ «ትኮላተፋለች» ስትልሽ ሥራውን አቁመሽ ልብሱን መልሰሻል። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።


ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 1864 ጀምሮ መስማት የተሳናቸው የሚማሩበት። እዚያ ውስጥ ሞሽን ላይት ላብ የሚባል ክፍል አለ፣ ያቋቋመችው ሜሊሳ ማልዝኩን ራሷ መስማት የተሳናት ናት። በሞሽን ካፕቸር ለሕፃናት በምልክት ቋንቋ ግጥም የሚሉ አቫታሮች (በኮምፒውተር የተሠሩ ገጸ ባሕርያት) ሠርተዋል። ሥራቸውን ሳይ የገረመኝ የምስሉ ጥራት አይደለም። ምት አለው። ሕፃን ልጅ ገና ቃሉን ሳይለይ እሹሩሩ ሲባል በዜማው እንደሚረጋጋ ሁሉ፣ የእጅም ዜማ አለ። ያንን ዜማ ከሰው ወስዶ ሳይሰብር ማስተላለፍ የሚችለው ዜማውን የሚያውቅ ሰው ነው። ባለ ሁለት እጅ ያለው እውነት ነው፤ ማሽኑ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል።

የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽንም ከዓለም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ማኅበር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ አቫታር መግለጫ አውጥቷል። አቫታር የሰው አስተርጓሚን ቦታ አይተካም፤ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለማይለዋወጥ መልእክት፣ ለምሳሌ ባቡር ጣቢያ ላይ ለሚነገር ዓይነት፣ ሊያገለግል ይችላል የሚል ነው ሐሳቡ። ቲያትር ከሁለቱም የተለየ ነው። እናትየዋ የምታስተረጉምለት ሰው የለም፣ ማስታወቂያም አትናገርም። እኔ እንደገባኝ የጃንሜዳዋ አንድን ተዋናይ ልታገዝፍ እንጂ ልትተካ አልተነሳችም። ልዩነቱን አንርሳው።


ጋሽ መጋረጃ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመድረክ መብራት ላይ ነው። ስለ ምልክት ቋንቋ ከእናንተ ነው የምማረው።

የእንግሊዙ የቲያትር ድርጅት ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ስትራትፎርድ ላይ «ዘ ቴምፔስት»ን ሲያሳይ ከኢንቴልና ከኢማጂናሪየም ስቱዲዮ ጋር ተባብሮ ኤሪየል የሚባለውን መንፈስ በቀጥታ ሞሽን ካፕቸር አሳይቶ ነበር። ማርክ ኳርትሊ የሚባለው ተዋናይ ሴንሰሩን እንደለበሰ መድረክ ላይ ይታያል፣ መንፈሱ ደግሞ በላዩ ላይ በብርሃን ገዝፎ ይታያል። ይህን ያነሳሁት ገንዘቡን ለማስቀናት አይደለም። ተዋናዩን አልደበቁትም ለማለት ነው። አንቺ ለምን ከጎን ደበቅሻት? እናትየዋ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ትበል፣ ፊቷን በጥሩ መብራት አበራልሻለሁ። ቅንድቧን ሰው ከእሷ ያንብብ፣ ግዝፈቷን ከጨርቁ ያንብብ።

ደግሞም ማሽን የግድ ነው ወይ? አንድ አንሶላና አንድ ጠንካራ መብራት ከኋላዋ ብናስቀምጥ ጥላዋ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ አይዘገይም፣ አይንሸራተትም፣ ዋጋውም ምንም ነው።


የጃንሜዳዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለምን እንደደበቅኳት ራሴን ስጠይቅ መልስ የለኝም። እንደ ፊልም አስቤው ነው መሰለኝ። የበርጩማውን ሐሳብ ወስጃለሁ።

ጥላውን ግን መጀመሪያ ላይ ሞክሬዋለሁ። እጅ ከሰውነት ወጣ ብሎ ሲናገር ያምራል። ደረት ፊት ለፊት ሲመጣ ግን የእጁ ጥላ በደረቱ ጥላ ውስጥ ይሰጥማል። አብዛኛው ንግግራችን ደግሞ ደረትና ፊት ላይ ነው። እናትየዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር ግማሹ ጥቁር ነበር። ያኔ ነው ወደ ማሽኑ የሄድኩት።


ተማሪዋ

የምልክት ቋንቋ ተማሪ ነኝ። ውይይቱን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ስዊድናዊው ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት የሰው መገጣጠሚያዎች ላይ መብራት አድርጎ ሌላውን ሁሉ አጨልሞ አሳየ። ሰዎች ከጨለማው ውስጥ አሥር ምናምን ነጥብ ብቻ እያዩ ወዲያው «ሰው እየሄደ ነው» አሉ። ከዚያ በ1981 ካሊፎርኒያ የሚገኙት ሃዋርድ ፖይዝነርና ኡርሱላ ቤሉጂ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ይህንኑ በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ሞከሩት። ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ጣት ጫፍ ላይ ብርሃን። ተናጋሪዎቹ ከነጥቦቹ ብቻ የምልክቱን እንቅስቃሴ ለይተው አወቁ። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዊሊያም ስቶኪ በ1960 ምልክት የእጅ ቅርጽ፣ የቦታና የእንቅስቃሴ ድምር ነው ብሎ ነበር፤ እዚህ ላይ እንቅስቃሴው ከሌሎቹ ተለይቶ ራሱን ችሎ ታየ፤ እንቅስቃሴ ለብቻው ትርጉም ይሸከማል።

እና የጃንሜዳዋ፣ እናትየዋ ለምን አካል ያስፈልጋታል? ሞታለች እኮ። ፊትም አገጭም የሌላት፣ ብርሃን ብቻ ትሁን። የጣት ጫፎች፣ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ። አገጭ ከሌለ አገጩን የሚስት ጣት የለም። በርጩማው ላይ ያለችው ሴት ደግሞ የእጁን ቅርጽና ፊቷን ትሰጠናለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በእኛ የጣት ፊደል የፊደሉን ቤት የሚለየው የእጁ ቅርጽ ነው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን የሚለየው ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ ሲባል እጁ አንድ ነው፣ አካሄዱ ይለያል። ሶፍትዌሩ መንቀጥቀጥ ለማጥፋት እንቅስቃሴውን የሚያለሰልስ ከሆነ ያቺን ትንሽ አካሄድ መንቀጥቀጥ መስላው ትጠፋለች። ተውኔቱ ላይ በጣት የሚጻፍ ስም ካለ ተጠንቀቁ።


ሽቦና ስክሪን

ተማሪዋ፣ ይህን ሐሳብ ከየት አመጣሽው! ነጥብ ብቻ ከሆነ የሌላ አካል ልክ የሚባለው ጣጣ ራሱ ይወገዳል።

ወጪውም ይወርዳል። የጉግል ሚዲያፓይፕ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ በተራ ካሜራና ደህና ላፕቶፕ በእያንዳንዱ እጅ 21 ነጥብ ያወጣል። ልብስም ጓንትም የለም፤ ተዋናይቷ በባዶ እጇ ትናገራለች። ለመድረክ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ጓንት የለበሰ እጅ መንካቱን በደንብ አይሰማውም። ድክመቱን ልንገርሽ፦ በአንድ ካሜራ ጥልቀትን ይገምታል እንጂ አይለካም። አንዱ እጅ ሌላውን ሲሸፍን ይሳሳታል። ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ፈጣን የጣት ፊደል ይደበዝዛል፣ 60 የሚያነሳ ፈልጊ፣ እጇ ላይም በቂ መብራት ይኑር። የማለስለሻውን ቅንብር ዝቅ አድርጊው፤ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይሻላል። ብርሃን ቢንቀጠቀጥ ያምራል፣ ሆሄ ቢጠፋ ግን አይመለስም።


ባለ ሁለት እጅ

ሐሳቡን ወደድኩት። ግን ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፣ የምፈልገውም ለእኔ አይደለም፣ በርጩማው ላይ ለምትቀመጠው ሴት ነው።

ላፕቶፑ አጠገብ መስማት የተሳነው ሰው ይቀመጥ፣ «አይነበብም» ካለ ልምምዱ ይቁም። የሚቀዳው እንቅስቃሴ የእሷ ይሁን፣ ያለ እሷ ፊርማ ለሌላ ሥራ እንዳይውል በወረቀት ይጻፍ። ከመክፈቻው በፊትም ተውኔቱን ያላነበቡ ሰዎች ይዩት። እኛ ተዋንያኑ ቃሉን ስለምናውቀው ነጥቡ ባይነበብም ያነበብነው ይመስለናል።

ላፕቶፑ ጋ የሚቀመጥ ከጠፋ እኔ አለሁ።


የጃንሜዳዋ (ከ16 ቀን በኋላ)

ይቅርታ፣ ጠፍቻለሁ። ስንሠራ ነበር።

ባለ ሁለት እጅ መጣ። ወረቀቱን እሱና ተዋናይቷ አብረው ጻፉት፣ እኔ ፈረምኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሦስት ጊዜ አስቆመን። ሦስተኛው ላይ ተናድጄ ነበር፣ መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነው፣ ሰዓቱ መሽቷል። እሱ ግን ትክክል ነበር። ምስሉ ከተዋናይቷ እጅ ወደኋላ ይዘገያል፣ አንድ ዓይን ሁለቱን አብሮ ሲያይ ሁለት ሰው እኩል እንደሚያወሩ ነው የሚሆነው። በመጨረሻ መዘግየቱን ለማጥፋት መታገሉን ተውነውና ጨመርንበት። አሁን እሷ ተናግራ እጇን ጭኗ ላይ ስታሳርፍ ብርሃኑ ገና ይናገራል። የራሷን ቃል ዞራ ታየዋለች። ይህን እኔ አላሰብኩትም፣ እሷ ናት በልምምድ መሃል ያገኘችው።

ነጥቦቹ ያምራሉ ብዬ ብቻ አላልፍም። እናትየዋ ልጇን «ብርድ ልብሱን ውሰጂው» የምትልበት ቦታ አለ። አሥሩ የጣት ጫፎች ተሰብስበው ወደ ትከሻ ሲመጡ፣ አካሉ ባይታይም ጨለማው ውስጥ ትከሻ እንዳለ ታውቃላችሁ። ምልክቱን የማያውቅ ሰው እንኳ ብርድ ልብሱን ያያል።

ሰባት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጠርተን አሳየን፣ አንዷ እናቴ ነች። ታሪኩን ሁሉም መልሰው ነገሩን። የልጅቷን ስም ግን ማንም ከብርሃኑ አላነበበም። ተማሪዋ እንዳለችው ሆሄው ጠፋ። ማለስለሻውን ጨርሶ ብናጠፋውም እጁ ቅርጹ በነጥብ አይለይም። ስለዚህ ስሙ በሚጻፍበት ጊዜ ብርሃኑን እናጠፋለን። ጨርቁ ይጨልማል፣ ስሙን የምትጽፈው በርጩማው ላይ ያለችው ሴት ብቻ ናት፣ በባዶ እጇ። እናቴ ከሁሉም ይህችን ቦታ ነው የወደደችው፤ «ስሟን ሥጋ ያለው እጅ ነው የጠራት» አለች።

የቀረኝ መብራት ነው። ፊቷ እንዲነበብ ደመቅ ሳደርገው ጨርቁ ላይ ያሉት ነጥቦች ይገረጣሉ። ዝቅ ሳደርገው ካሜራው እጇን ያጣዋል፣ ተመልካቹም ቅንድቧን ያጣል። ለመስማት የተሳነው ተመልካች የጨለመ ፊት ማለት የተዘጋ ድምፅ ማለት ነው፣ ይህንን መሃል ቦታ ማግኘት አቅቶኛል። ጋሼ፣ ቅዳሜ ልምምድ አለን፣ ቢመቸዎት?


ጋሽ መጋረጃ

እመጣለሁ ልጄ። መብራቱን ከፊቷ አታድርጊው፤ ከጎንና ከላይ፣ ወደ ጨርቁ እንዳይፈስ በጠባቡ ነው የሚያዘው። ጥቁር ካርቶንና ሽቦ አዘጋጁልኝ። በርጩማውንም ከጨርቁ ሁለት ሜትር ወደፊት አምጡት። የቀረውን አይቼው ነው።


ባለ ሁለት እጅ

ጋሽ መጋረጃ፣ እኔ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ። የግቢው ደወል ስለማይሰማን ሲደርሱ በመስኮቱ በኩል ባትሪ ያብሩልን።